ሰሙን ብቻ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ ወርዶ ወርዶ
ፍርድ ቤቱን ሸፈነው፣ ደጃፉንም ጋርዶ።
ጋሽ ይመር ከአጥሩ ሥር፣ ማመልከቻ ጻፊው፣
ታይፓቸውን በላስቲክ ሸፍነው ከካፊያው፣
«ጠበቃው!» ይሉኛል፤ «ቀጠሮዋ ዛሬ ነው?
የዚያች የባለ ግጥሟ?»
ዛሬ ነው።

ሉባባ እንድሪስ ናት፣ ሆጤ ፀጉር ቤት ያላት፣
የደረቀ ቧንቧ ትዕግሥት ያስተማራት፤
በውሃ ስብሰባ፣ ማይኩ ሲደርሳት፣
ሰላምታም ሳትሰጥ
ሁለት መስመር ብላ ተቀመጠች አሉ፦

ውሃችን ሳይመጣ ቆጣሪው ይዞራል፤
ነፋስ እየበላ ሌት ተቀን ይቆጥራል።

አዳራሹ ሳቀ። አንድ ሰው አልሳቀም፤
ስልክ የያዘውም ልጅ መቅረጹን አላቆመም።
ግጥሙ በዚያው ማታ ሀረጎን ተሻግሮ
ኮምቦልቻ አደረ፤
ሲመለስ ክስ ሆኗል፣ በማኅተም ታስሮ፦
«ሐሰተኛ ወሬ... የሹም ስም ማጥፋት...»
የቀረው ረጅም ነው፣ ለትንፋሽም አይመች።

ትናንት ማታ ፒያሳ፣ መብራት ሄዶብን፣
በአንድ ስልክ ብርሃን ዙሪያ አራት ሆነን ተከራከርን።
ፈንታነሽ ሕገ መንግሥቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ
«ሃያ ዘጠኝን ያዝ» አለች፣ ጠረጴዛውን መትታ፤
«አዎ፣ ሹሙን ነው ያለችው፣ በል ድምፅህን ከፍ አርገህ፤
ወርቁን ደብቀህማ ምኑን ጠበቃ ሆንህ?»
አቶ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ።
«ደንበኛህ ሰው ናት እንጂ አይደለችም ባንዲራ፤
ሁለት ልጅ አሏት። ሰሙን ይዘህ ተከራከር።
ወርቁ የትም አይሄድ፤ እሷ ግን ትታሰር?»
ሙህዲን እስከዚያው ዝም ብሎ ሲሰማን ነበር።
«የወንድሜን ሱቅ» አለ፣ «ክብሪት አይደለም ያነደደው፤
ወሬ ነው።
ሕጉ ጥርስ አያብቅል አልልም፤ እኔ አልለውም።
ግን ግጥምና ክብሪት ለይቶ ካልነከሰ...»
አልጨረሰውም። ስልኩም ባትሪውን ጨረሰ።

የአያቴ አባት፣ ይላሉ፣ ገራዶ ዋርካው ሥር ወጥቶ፣
«በላ ልበልሃ» ብሎ፣
መሬቱን አስመለሰ በግጥም ተሟግቶ።
ያኔ ግጥም ጠበቃ ነበረ፤
ዛሬ ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ።

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀ፦ «ቆጣሪው ማነው? ይነገረን።»
ከውሃ አገልግሎት አንድ ቴክኒሻን አስመሰከርን፤
እጁን አንሥቶ ማለ፦ አየር ሲገባ ቆጣሪ ይዞራል፣
ጠብታ ባይኖርም ቁጥር ይጨምራል።
እኔም ተነሣሁ። «ክብርት ዳኛ፣ ቆጣሪ ቆጣሪ ነው፤
ብረት ነው። መስታወት ነው። ሰው አይደለም።»
ዳኛዋ ቀና አሉ። ወርቁ በዓይናቸው ሲያልፍ አየሁት፤
እንዳየሁ አዩኝ።
መዝገቡ ላይ ሁለታችንም አላሰፈርነው።
«ተከሳሽ በነጻ ትሰናበት።»

ደጅ ላይ ጋሽ ይመር አጨበጨቡ።
ሉባባ አላመሰገነችኝም።
ሻሿን አጥብቃ አሰረች።
«ብረት ነው አልክ» አለች፤
«እኔ ስለ ብረት ገጥሜ አላውቅም።»
ቀሪውን ክፍያ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ካፊያው ያራሰው ብር፣
መዳፌ ላይ አኖረችው።
«ቁጠረው።»

ማታ ቤቴ ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፤
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ነፋስ ተፋ፣ ሌላ አላየሁበት።
ከደጅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቆጣሪው ይዞራል።
ብሩን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አንድ መቶ ይጎድላል፣
ወይ እጄ ስቷል።
እንደገና፣ ከአንድ።